ጥቁሩ ቀሚስ

ነገሩን ያመጣችው ከክፍሌ ልጆች አንዷ ናት። ሚያዝያ ላይ፣ የእሑድ ትምህርታችን አልቆ ወንበር ስንደረድር፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነበር። አባቴ ካረፈ ስድስት ወሩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ከእማዬ ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ስለሚከብደኝ የማይረባ ምክንያት እየፈጠርኩ እወጣ ነበር፤ አንዳንዴም ማንም ያልፈለገውን የኮሚቴ ስብሰባ እጠራ ነበር። ልጅቷ ለካ የዘይት ቀለም ሥዕል ትማራለች። «ና ሞክረው፤ ካልወደድከው ትተወዋለህ» አለችኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የሣልኩት ነገር ቢኖር ስብሰባ ሲረዝምብኝ ደብተር ጠርዝ ላይ የምደረድረው ሰንሰለት ብቻ ነው። ቢሆንም ሄድኩ።

ቦታው ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። የሚያስተምሩን ሠዓሊ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አለ ፈለገሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ ሰው ናቸው። በሩን አልፌ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። የማውቀው ሽታ ነው፤ ከየት እንደማውቀው ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

«ምን መሣል ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ተራራ፣ ደመና፣ ከደመናው ሥር የሚፈነጥቅ ብርሃን፣ ወደ ብርሃኑ የሚወስድ ቀጭን መንገድ አልኳቸው።

«የት አየኸው?»

ትንሽ አሰብኩና «ካላንደር ላይ» አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ይቅርታ ይደረግልኝና በየጸሎት ቤቱ ቢሮ ከምንሰቅላቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ ማንም ቆሞ ያላየው ተራራ ነው። ሰውየው አልገሰጹኝም። ከመደርደሪያ ላይ የታተሙ ሥዕሎች ክምር አውርደው ፊቴ አስቀመጡና «አንዱን ምረጥ። እሱን ትቀዳለህ» አሉኝ።

የመረጥኩት ጥቁር የለበሰች ሴት ነው። ለምን እንደመረጥኳት በዚያን ቀን የሰጠሁት ምክንያት ቀለሟ ጥቂት ስለሆነ ትቀለኛለች የሚል ነበር። ያንን ምክንያት ራሴም አምኜው ነበር።

ሥዕሉ ኤዱዋር ማኔ እ.ኤ.አ. በ1872 የሣለው የበርት ሞሪዞ ምስል ነው። (ማኔ እና ሞኔ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ለሦስት ሳምንት ያህል አንድ ሰው አድርጌያቸው ስናገር ክፍሉ በትዕግሥት አሳለፈኝ።) ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 55.5፣ ወርዱ 40.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሴትዮዋ ጥቁር ልብስ ለብሳለች፣ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ አድርጋለች፣ ከባርኔጣው ጥቁር ጥብጣብ ወርዷል። ደረቷ ላይ የቫዮሌት አበባ እቅፍ ተሰክቷል፤ ነገር ግን ከልብሱ ጥቁረት ጋር ተቀላቅሎ ካልተጠቆማችሁ አታዩትም። ከኋላዋ ያለው ነገር ፈዛዛ ነው፤ ቤት ነው ሜዳ ነው አይባልም። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የፊቷ አንዱ ወገን ደምቆ ሌላው ጥላ ውስጥ ገብቷል። ቀጥ ብላ ታየናለች።

ያን ጊዜ ሞሪዞ 31 ዓመቷ ነበር፤ የኔ እኩያ ማለት ነው። ራሷም ሠዓሊ ናት፤ ማኔ ተቀምጣ እንድትሣል ብቻ የጠራት ሰው አይደለችም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ እነ ሞኔ፣ እነ ደጋ፣ እነ ሬንዋ በፓሪስ ኢምፕሬሽኒስት የሚለውን ስም ያተረፈላቸውን የመጀመሪያ ትርኢት ሲያዘጋጁ እሷ ሥዕሎቿን ይዛ ገባች። ማኔ ግን አልገባም፤ በመንግሥቱ ትልቅ የሥዕል ትርኢት መታየትን መርጦ ቀረ። ወዳጃቸውና አርአያቸው ሆኖ ሳለ ከውጭ ቆመ። በዚያው ዓመት እሷ የማኔን ወንድም ኡዤንን አገባች።

መቅዳት የሚለው ነገር ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ራሴ በደረጃ ትምህርታችን ፈተና ላይ ሲኮርጁ ያገኘኋቸውን የሁለት ልጆች ወረቀት ነጥቄ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ይህ ኩረጃ አይሆንም?» አልኳቸው።

ብሩሽ እያጠቡ ነበር፤ ቀና አላሉም። «የሚኮርጅ ልጅ ምን ያያል?» አሉኝ።

«የጎረቤቱን ወረቀት።»

«መልሱን ነው የሚያየው። ጥያቄውን አያየውም። አንተ እዚህ የምትፈልገው ጥያቄውን ነው፤ ሰውየው ይህችን መስመር ሲያሰምር ምን እያየ ነበር? መልሱማ ያው ተሰቅሎልሃል።»

ኋላ ሳነብ እንዳወቅሁት፣ በፓሪስ የነበረው የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1897 ነው፤ ሞሪዞ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሷና እህቷ ኤድማ በግል አስተማሪ እየተመሩ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ የጥንት ሠዓሊዎችን ሥራ እየቀዱ ነው ያደጉት። ማኔም በወጣትነቱ እዚያው ሉቭር ቆሞ ቀድቷል። የእሷና የእሱ ትውውቅም የተጀመረው እዚያው ሉቭር ውስጥ ነው። ሙዚየሙ እስከ ዛሬ ለቀጂዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅጂው ግን መጠኑ ከዋናው የተለየ መሆን አለበት፤ በኋላ ማንም ዋናው ነው ብሎ እንዳይሸጠው። የኔ ሸራ 40 በ30 ነበር፤ ሕጉን ሳላውቅ አክብሬዋለሁ።

መጀመሪያ የታተመውንም ወረቀት ሸራውንም በእርሳስ በአራት ማዕዘን ከፋፈልኩ። ቀጥሎ ወረቀቱን ገልብጠው ሰቀሉልኝ፤ ሴትዮዋ በአናቷ ቆመች። «ዓይን መሆኑን ካወቅክ የምታውቀውን ዓይን ነው የምትሥለው» አሉኝ። እውነትም ተዘቅዝቃ ስትታይ ዓይንና አፍንጫ አልነበራትም፤ ያዘመመ ጥላ፣ ሾጣጣ ብርሃን፣ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነበረች። ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ሄደ። ቀጥሎ ቡናማ ቀለም በተርፔንታይን አቅጥኜ ጥላውን ብቻ አለበስኩት። ዓይኔን ግማሽ ጨፍኜ እንዳይ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር፤ ዓይን ሲጠብ ዝርዝሩ ይጠፋና የት ይጨልማል፣ የት ይበራል የሚለው ብቻ ይቀራል።

ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ራሱ ይጠጥራል። ቀናት ይፈጃል፤ ሲወፍር ደግሞ ሳምንታት። ስለዚህ ሥሩ ስስ፣ ላዩ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ከቡናማዎቹ አንዳንዶቹ በፍጥነት ሲደርቁ አንዱ ጥቁር ግን ሳምንት ሙሉ እጅ ላይ ይነሣል። ትዕግሥት የለሽ ሰው ይህን ሥራ አይጀምረው። ልትጀምሩ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨብጣችሁ ላስቲክ ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ክብሪት ሳይነካው ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ሽታው ከየት እንደሆነ የነገረችኝ እማዬ ናት። አንድ ቅዳሜ ማታ ስገባ ወጥ ቤት ነበረች፤ ዞር አለችና «ተልባ ተልባ ትላለህ፤ የት ቆልተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ለካስ ቀለሙ የሚታሸው በተልባ ዘይት ነው። ነገርኳት። «ፈረንጆች በተልባ ነው የሚሥሉት?» አለችና ሳቀች። አባቴ ካረፈ ጀምሮ በራሷ ጊዜ ስትስቅ መስማቴ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ግን ያፈርኩ መሰለኝና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ያፈርኩበትን ልንገራችሁ።

ጥር ላይ፣ አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ወር፣ እማዬን ጥቁሩን እንድታወልቅ ጠየቅኳት። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ሁለት ሰዎች «ተስፋ ላለን ሰዎች ይህን ያህል አይገባም» ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የእነሱ ንግግር ግን ሰበብ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ስለ መጽናናት በሌሎች ቤት ለቅሶ ላይ ቆሜ ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ንግግሬም ጥሩ ነው ይባላል። የእኔ እናት ፊት ለፊት ወንበር ላይ ጥቁር ሻሽ አስራ ስትቀመጥ እኔ የምናገረው ነገር እኔው ቤት ያልሠራ መስሎ ተሰማኝ። ይህን አልነገርኳትም፤ ሌላ የሚያምር ነገር አዘጋጅቼ ነገርኳት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ ልጄ» አለች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ስትወጣ ነጭ ነጠላ ትለብሳለች፤ ስትመለስ ጥቁሩን ቀሚስ ትለብሳለች። ጉዳዩን ሁለታችንም ደግመን አላነሣነውም። ቅዳሜ ከቤት መሸሽ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ፊቷ ከጠበቅሁት በላይ ተሳካልኝ፤ ልብሷ ላይ ግን ወደቅኩ። ጥቁር ቀለም ከቱቦው ጨምቄ፣ ሰፊ ብሩሽ ይዤ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአንገቷ እስከ ሸራው ግርጌ ለቀለቅሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ሠዓሊው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይህ ልብስ አይደለም» አሉኝ። «ጉድጓድ ነው።»

ራቅ ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ፊቷ የጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ ትከሻ የላትም፣ ደረት የላትም፣ ትንፋሽ የላትም።

በማንኪያ መሰል ቢላ ጥቁሩን ፍቄ አነሣሁ። ማኔም ያልወደደውን እየፋቀ እንደገና ይጀምር እንደነበር ነገሩኝ፤ ለማጽናናት ይመስለኛል። ከዚያ ወረቀቱን መስኮት ዘንድ ወስደው አሳዩኝ። (የስልክ ስክሪን ላይ ማየት በእሳቸው ቤት ክልክል ነው፤ ስክሪን ራሱ ስለሚያበራ ጥቁር አያሳይም ይላሉ።) «ስንት ጥቁር አለ?» አሉኝ። አንድ አልኩ። ዝም አሉ። ሁለት አልኩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በዚያ ከሰዓት ስድስት ቆጠርኩ። ትከሻው ላይ ብርሃን የነካው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር፤ ብብቱ ሥር ቡናማ የሆነ ጥቁር፤ የባርኔጣው ጥብጣብ፣ ከሁሉም የሚያበራው፤ አበባው ዙሪያ ወይን ጠጅ የነካው፤ ፀጉሯ ጥቁር መስሎኝ ነበር፣ ከባርኔጣው ጋር ሳስተያየው ግን የደረት ፍሬ የሚመስል ቡኒ ነው። ዓይኖቿ ደግሞ ከሁሉም የጠቆሩ ናቸው። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ብቻውን የሆነበት ቦታ ከጥፍር አይበልጥም። ሌላው ሁሉ የተደባለቀ ነው፤ ጥልቅ ሰማያዊ ከተቃጠለ ቡናማ ጋር፣ አንዴ ሰማያዊው፣ አንዴ ቡናማው አይሎ።

እነዚያን ስድስት ጥቁሮች ሸራው ላይ ለማስቀመጥ ሰኔና ሐምሌ አለቁ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለና መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ነው፤ ልወጣ ጫማዬን አስሬ ዝናቡ እስኪያባራ ሳሎን ቆሜያለሁ። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ብርሃኑ ከመስኮቱ ብቻ፣ ከጎኗ ይመጣል። ሳላስበው ዓይኔን ግማሽ ጨፈንኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነበር።

ቀሚሷ ጥቁር አልነበረም። ማለቴ፣ ጥቁር ነበር፤ ነገር ግን ትከሻዋ ላይ፣ ልብስ ማስጫው ላይ ፀሐይ ሲያገኘው የከረመው ቦታ፣ ወደ ቡኒ ሄዷል። ክርኗ ላይ ስስ ሆኖ ግራጫ አውጥቷል። ጭኗ ላይ ያለው ገና ጥቁር ነው። ሻሿ ጠርዙ ላይ የዛገ ብረት ይመስላል። አሥር ወር ሙሉ የታጠበ፣ የተሰጣ፣ የተለበሰ ልብስ ነበር። አሥር ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ነበር።

«ምን ታየኛለህ?» አለችኝ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

«ቀሚስሽ… ትከሻው ቡኒ ሆኗል።»

እጇ ቆመ። «ዛሬ አየኸው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጫማዬን ፈትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ብንነጋገርም መጮኽ ነበረብን። ትንሽ ሲቀንስ፣ ሳልጠይቃት፣ «ይህን ቀሚስ የገዛልኝ አባትህ ነው» አለች። «እናቴ የሞተች ጊዜ። እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ መነሣት አልችልም። መርካቶ ሄዶ፣ ልኬን እንኳን ሳይጠይቀኝ፣ ገዝቶ መጣ። ልክክ አለኝ።» ትከሻውን በእጇ ዳሰሰችው። «አንተ ስታወልቂው ያልከኝ ጊዜ ይህን ልነግርህ ነበር። ንግግርህን ስላላቋረጥኩ ቀረ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዘጋጅ ተናገርኩ፤ በጣም ደካማ ንግግር ነበር፣ ግማሹንም ዝናቡ ወሰደው። ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝና ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። በዚያ ቅዳሜ ወደ ስድስት ኪሎ አልሄድኩም።

ሥዕሉ መስከረም ላይ አለቀ፤ ወይም ሠዓሊው «ከዚህ በላይ ከነካኸው ታበላሸዋለህ» ብለው ብሩሹን ተቀበሉኝ። ጉድለቱ ብዙ ነው። የግራ ጆሮዋ ከቦታው ወርዷል፣ አፏ ከዋናው ይልቅ ጨከን ያለ ነው። አበባው ግን አለ፤ ካልጠቆምኳችሁ አታዩትም። እርጥቡን ሸራ በታክሲ ተሸክሜ፣ የአንድ ሰውዬ ኮት ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ አስነክቼ፣ ለምኜም ይቅር ተብዬ፣ ቤት አደረስኩት።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው።

«ማን ሞቶባት ነው?» አለች።

«ማንም አይመስለኝም፤ ፓሪስ ያኔ ጥቁር ፋሽን ነበር» አልኳት።

«እንዲያው ዓይኗ የሐዘን ነው። ጠቁሯል።»

ያነበብኩትን ነገርኳት። የሞሪዞ ዓይን በእውነቱ አረንጓዴ ነው። ማኔ ነው ጥቁር ያደረገው።

«ታዲያ ለምን ዋሸ?»

ይህን ጥያቄ እኔም ሠዓሊውን ጠይቄያቸው ነበር። ያን ቀን በዚያ ብርሃን እንደዚያ ታይቶት ይሆናል ያሉኝን ነገርኳት። ማኔ ሞሪዞን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ጊዜ ያላነሰ ሥሏታል፤ የዓይኗን ቀለም የማያውቅ ሰው አልነበረም። እማዬ መልሱ ያረካት አልመሰለኝም። ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች፣ ደግሞ ራቅ አለች፣ ትከሻው ላይ ያለውን ሰማያዊ በጣቷ ሳትነካ ተከተለችው።

«ልብሷን ግን አይተኸዋል» አለች።

ከዚያ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። እንዲህ ተቀምጣ የማውቃት ፎቶ ቤት ስንሄድ ብቻ ነው።

«እስቲ እኔን ሣለኝ» አለችኝ። «ልብሱን ግን እንዳትቀይረው።»

«ቡኒውንም?»

«ቡኒውንም።»